ትንፋሽ የሚሰበሰብበት ደጃፍ

ሐዳይቅ አል-መዓዲ ውስጥ፣ ከሜትሮ ጣቢያው ወደ ቤቴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንድ የፍሪጅ መሸጫ ሱቅ አለ። ከሰፊው መስታወት ኋላ ባለ ሁለት በር ግራጫ ፍሪጅ ቆሟል። ይህን ፍሪጅ ከሠሩት ሰዎች ቀጥሎ የኔን ያህል የሚያውቀው ያለ አይመስለኝም። የእጀታውን አጎነባበስ፣ በበሩ ጥግ ያለችውን ጭረት፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታርፍበት እንደ ወንዝ ውሃ የሚርገበገበውን ብርሃን ሁሉ አውቃለሁ። ፍሪጅ ግን አልፈልግም። እዚያ የምቆመው ትንፋሼ ስለሚያልቅ ነው።

መንገድ መሐል ቆሞ የሚያለከልክ ሰው ይጠየቃል፤ የተጠየቀ ይጠረጠራል፤ የተጠረጠረን ሰው ይሸሸዋል። ዕቃ የሚያይ ሰው ግን ገዢ ይመስላል፤ ማንም አይነካውም። ስለዚህ ከጣቢያው ስወጣ መጀመሪያ ፍሪጅ ቤቱ፣ ቀጥሎ ጫማ ቤቱ፣ መጨረሻ ላይ ጣፋጭ ቤቱ ደጃፍ እየቆምኩ ነበር የምሄደው። የፍሪጁ ባለ ሱቅ ተስፋ አድርጎብኛል። ግብጾች ሽማግሌ ሲያከብሩ እንደሚሉት «ያ ሐግ፣ ዛሬስ ቤትዎ እናድርሰው?» ይለኛል። «ገና እያሰብኩ ነው» እለዋለሁ።

ዘውዱ እባላለሁ። የተማርኩት እስከ ሰባተኛ ክፍል ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «ይህ ያልተማረ ሰው ደግሞ ምን ምክር አለው?» የሚል እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው። ሲሉኝ ኖረዋል። ዕድሜዬን የጨረስኩት ኦልድ ካይሮ ውስጥ አንድ ጋራዥ የመኪና ቀለም ስረጭ ነው። አለቃዬ «ሐበሻ ጠንካራ ነው፣ የአፍ መሸፈኛ አያስፈልገውም» ይል ነበር። እኔም ምስጋና መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሲጋራውን ግን ማንም አላስገደደኝም፤ እውነቱን ለመናገር ያህል።

ሐኪሙ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ነው አለኝ። የአየር ቧንቧዎችህ ጠበዋል፣ ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ጨርሶ አይድንም፣ ከተጠነቀቅክ ግን አብረኸው ትኖራለህ ብሎ በኻኻ የሚሉትን በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አዘዘልኝ። አይተላለፍም ያለውን እኔ ሰማሁ። ሰው ግን አልሰማም።

የሚካኤል ማኅበር ላይ የሆነውን ልናገር። ሳል ያዘኝ። ከጎኔ የተቀመጠው ይድነቃቸው የሚባል፣ የአየር መንገድ ቢሮ ሠራተኛ የነበረ፣ የተማረ፣ ከረባቱ የማይላላ ሰው ነው። ሳህኑን አነሣ። ተነሥቶ ሄዶ መስኮቱ ሥር ተቀመጠና «እባካችሁ አየር አስገቡልን» አለ። የቤቱ ሰው ሁሉ እኔን አየ። ጽዋው እኔ ጋ ሲደርስ «ዛሬ አልጠጣም» ብዬ አሳለፍኩት። ማንም «ለምን?» አላለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማኅበር ሄጄ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ከኋላ ምሰሶ ተደግፌ ቆሜ፣ ሰው ሳይወጣ እወጣለሁ። ይህን ነገር እንደ ጠጠር ጫማዬ ውስጥ ይዤው እሄድ ነበር፤ እያቆሰለኝም አላወጣሁትም።

ችግሩ ኑሀሚን ናት። ኑሀሚን የሟች እህቴ ልጅ ናት፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ነው። ሠርጉ ኦልድ ካይሮ፣ ማር ጊርጊስ ከሚባለው ጣቢያ አጠገብ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ነው። ከግብጾቹ የወሰድነው ልማድ አለ፤ አባት ሙሽራዪቱን በክንዱ ይዞ ከመንገዱ መጀመሪያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይወስድና ለሙሽራው ያስረክባታል። መንገዱን አውቀዋለሁ። ከዋናው መንገድ ዝቅ ብሎ፣ በድንጋይ ደረጃ ተወርዶ፣ በረጃጅም ግንቦች መካከል የሚሄድ ጠባብ ቅያስ ነው። እዚያ ፍሪጅ ቤት የለም። ጫማ ቤት የለም። መሐል ላይ ትንፋሼ ቢያልቅ የማየው ነገር የለም። ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነው።

ስለዚህ «የሙሽራው አጎት ይልማ ይውሰድሽ» ብያት ነበር። የምትጠርገውን ወለል እንደገና ጠረገችው።

ያን ሰሞን ኸማሲን ነፈሰ። ኸማሲን ከበረሃ አቧራ ይዞ የሚመጣ ነፋስ ነው፤ ካይሮን ቢጫ ያደርጋታል። ፀሐይዋ እንደ ደከመ አምፖል ትሆናለች፤ ሕንጻው፣ መኪናው፣ ሰው ሁሉ በሻይ ውስጥ የሚታይ ይመስላል። ድምፅ እንኳ ከሩቅ ነው የሚመጣው። በእንዲህ ያለ ቀን ከቤት መውጣት አልነበረብኝም፤ መድኃኒቴ አልቆ ወጣሁ። ስመለስ ፍሪጁ ጋ ስደርስ ደረቴ ተዘጋ። መስታወቱ ውስጥ የራሴን ጥላ አየሁት፤ አፉን ከፍቶ እንደ ዓሣ ይንሳፈፋል።

በዚህ ጊዜ አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ጠምጥማ፣ መጥታ ከጎኔ ቆመችና ፍሪጁን ታይ ጀመር። እኔም አያለሁ፤ እሷም ታያለች። ብዙ ቆየን። ከዚያ ዞር ሳትል በአማርኛ፣

«ጋሼ፣ ሊገዙት ነው ወይስ እንደኔ እየተነፈሱ ነው?» አለችኝ።

ደነገጥኩ። «ልገዛው ነው» አልኳት።

«ጥሩ ነው። እኔም ባለፈው ወር ይህን የልብስ ማጠቢያ ልገዛ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ እዚያ ማዶ ያለውን የወንድ ሱፍ።»

ሳቄ መጣ። ሲስቁ ደግሞ ያሳስላል። ሳልኩ። ሸሽታ እስክትሄድ ጠበቅኩ። አልሸሸችም። «ወደፊት ጎንበስ ይበሉ፤ እጅዎን ጉልበትዎ ላይ ያሳርፉ። አየሩን ለማስገባት አይታገሉ፤ መጀመሪያ ያስወጡት። ሻማ ሳያጠፉ እንደሚያወዛውዙ አድርገው፣ በከንፈርዎ ቀስ ብለው» አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግኩ። ቢጫው ዓለም ቀስ እያለ ወደ ቦታው ተመለሰ።

እየሩስ ትባላለች። ባሕር ዳር ነርስነት ጀምራ ሳትጨርስ መጥታ፣ ዛማሌክ ደሴት ላይ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራለች። መንገዳችን አንድ ስለነበረ አብረን ሄድን። እሷም ትቆማለች፣ እኔም እቆማለሁ።

«አንቺን ደግሞ በዚህ ዕድሜሽ ምን አገኘሽ?» አልኳት።

«መታጠቢያ ቤቱ እንዲያብረቀርቅላቸው ክሎሩንና አሲዱን ቀላቀልኩት። ሽታው ሳሎን እንዳይገባባቸው ብዬ ደግሞ በሩን ዘጋሁ። ሲያወጡኝ ራሴን አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ሳንባዬ እንደ ድሮው አልሆነም።»

«ነርስነት የተማረች ልጅ? ማን ነው ቀላቅይ ያለሽ?»

«ያዕኒ፣ ማለቴ ማንም ነው ጋሼ። የአገራችን ልጆች ናቸው። 'ሁለቱን አንድ ላይ ካደረግሽው ጊዜ ይቆጥብልሻል' እንባባላለን። እኔም ሰማሁ፣ አደረግኩ። የሚጎዳንን እንዲህ አድርገን እርስ በርስ ከተማማርን የሚጠቅመንንስ ለምን አንማማርም?»

ወዴት እያመራች እንደሆነ ገባኝ። የተማረ ሰው ጥያቄ ሲጠይቅ መልሱን ኪሱ ይዞ ነው።

ዓርብ ዓርብ ሳንባ የሚያማቸው ሰዎች እትዬ ሮማንወርቅ ቤት እንደሚሰበሰቡ ነገረችኝ። እትዬ ሮማንወርቅ መዓዲ የሚኖሩ የነጋዴ ሚስት የነበሩ፣ አስም ያለባቸው ሴት ናቸው። «ቤታቸው ምድር ላይ ነው፤ ደረጃ የለውም። የመጀመሪያው ስብሰባ ሦስተኛ ፎቅ ነበር፤ ግማሾቻችን ደረጃው ላይ ቀረን» አለች።

«ታዲያ ተሰብስባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ታለቃቅሳላችሁ?»

«አንዳንድ ቀን። ብዙውን ጊዜ እንስቃለን፤ ከዚያ እናስላለን።»

«ስሚኝ ልጄ» አልኳት ጫማ ቤቱ ደጃፍ ቆመን። «የታመመ ከታመመ ጋር ቢቀመጥ በሽታ ይደመራል እንጂ አይቀነስም። ከሐኪም የበለጠ የሚያውቅ በሽተኛ አለ?»

«የለም። ሐኪም የሚያውቀውን እኛ አናውቅም፤ ያዘዘውንም አንነካም። ግን ልጠይቅዎት፤ ሐኪምዎ ደረጃ እንዴት እንደሚወጣ ነግረውዎታል?»

«አልነገረኝም። ጊዜም የለው።»

«ሳል መንገድ ላይ ሲይዝዎት ምን እንደሚያደርጉ? ሌሊት ተኝተው ሲፈሩስ?»

ስለ ፍርሃቱ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

«እሱን የሚያውቀው የያዘው ሰው ነው» አለች። «እኔ ከሐኪም ቤት ስወጣ ሰው ሁሉ 'ተሻለሽ?' ይለኝ ነበር። እትዬ ሮማንወርቅ ብቻ 'ዛሬ ጸጉርሽን ማበጠር ቻልሽ?' አሉኝ። እጅ ወደ ላይ ሲነሣ ትንፋሽ እንደሚያጥር ያውቃሉ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።»

«ወሬውስ? ነገ ሐበሻው ሁሉ ነቀርሳ አለባቸው ይላል። አንቺንም ቤት ሠራተኛ አድርጎ የሚቀጥርሽ የለም።»

«ለዚህ ነው ስማችንን ውጭ የማናወራው። ነቀርሳ መሆን አለመሆኑን ግን ተመርምረን አውቀናል፤ ሳል ያለበት ሁሉ መጀመሪያ ይመርመር እንላለን። ቢሆንም ይታከማል። ብንደብቀውም እኮ ያወራሉ ጋሼ። ስንደብቀው ወሬውን እነሱ ይጽፉታል።»

መልስ ሳጣ ደግሞ እቆጣለሁ፤ ጠባዬ ነው። «ኸላስ፣ በቃኝ» አልኳትና ጣፋጭ ቤቱ ጋ ሳልቆም ለማለፍ ሞከርኩ። አልሆነም። ቆምኩ። እሷም ባቅላዋ እያየች ቆመች፤ አልሳቀችብኝም።

በነጋታው ቀን ቤት ተኝቼ ሕልም አየሁ። ብዙ ጊዜ የማየው ሕልም ነው። የአባይ ወንዝ ወለል ላይ፣ ከውሃው በታች፣ እሄዳለሁ። ውሃው አረንጓዴ ነው፤ አያፍንም። ነጭ የለበሱ ሰዎች ከፊቴ ይሄዳሉ። መተንፈስ አያስፈልግም፤ ስለዚህም ማንም አይቆምም፣ ማንም አያይም። ዘወትር በዚህ ሕልም ብቻዬን ነበር የምሄደው። ያን ቀን ግን ኑሀሚን ክንዴን ይዛለች። ቀና ብዬ ሳያት አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ ግን አይሰማም። በገዛ ደረቴ ፉጨት ነቃሁ።

እሷው ራስጌዬ ቆማለች። «አጎቴ፣ ቄሱ ማን እንደሚያስረክበኝ ጠየቁኝ» አለች።

«ይልማ አላልኩሽም?»

«ይልማ መልካም ሰው ነው። ትምህርት ቤት ሲያስገባኝ ግን አላስታውሰውም። አንተ ካልመጣህ ብቻዬን እገባለሁ ብዬ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«የመጣሁበትን መንገድ ያያል፤ አጠገቤ ማንም የለም ይላል። እሱም እውነት ነው» አለችና ወጣች።

ዓርብ ዕለት እትዬ ሮማንወርቅ ቤት ሄድኩ። ለማየት ብቻ ነው የሄድኩት። በሩ ክፍት ነበር፤ ሽቶ የለም፣ ዕጣን የለም፣ ጭስ የለም፤ ለሳንባችን ብለው ነው። መስኮቶቹ በእርጥብ አንሶላ ተጋርደው ብርሃኑ ለስልሶ ይገባል። ሰዎች በክብ ተቀምጠዋል። ክፍሉ ይተነፍሳል ብል ማጋነን አይሆንም፤ እያንዳንዱ በራሱ ዜማ፣ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ያስገባል። ደጁ ላይ ቆሜ ሳዳምጥ የኔም ደረት ሳያስፈቅደኝ ገብቶበታል።

ከዚያ መስኮቱ ሥር የተቀመጠውን ሰው አየሁት። ከረባት አስሯል። አፍንጫው ላይ ቀጭን የኦክስጅን ቱቦ አለ። ይድነቃቸው ነው።

ዞሬ ወጣሁ። በቁጣ የሚወጣ ሰው በሩን በርግዶ፣ እየተመናጨቀ ይሄዳል። እኔ የአትክልቱ በር ጋ ስደርስ ትንፋሼ አልቆ ብረቱን ይዤ ቀረሁ። ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ፤ ከኮቴው ጋር የማሽን ጉርምርምታ። ይድነቃቸው የኦክስጅን ማሽኑን ትከሻው ላይ አንግቶ መጥቶ የበሩን ሌላኛ ብረት ያዘ። እሱም ትንፋሽ የለውም። ሁለት ጠበኞች በአንድ በር ላይ ተንጠልጥለን ለመሰዳደብ ትንፋሽ እንጠብቃለን።

ትንፋሹ ቀድሞ የመጣው ለእኔ ነበር። «አየር አስገቡልን ብለህ ነበር» አልኩት። «ገባልህ?»

«አልገባልኝም» አለ። «ጋሽ ዘውዱ፣ ይናገሩ። ይገባኛል።»

«በሰው ፊት... ሳህንህን አንሥተህ...» ቀሪው አልመጣም። እጄን አነሣሁ፤ ቆይ ማለቴ ነው። እሱም ጠበቀኝ። እንዲህ ተጠብቄ ተሳድቤ አላውቅም። «እንደ ውሻ» አልኩ በመጨረሻ።

«እንደዚያ ነው ያደረግኩት።» ማሽኑ አንዴ ተነፈሰለት፤ ቀጠለ። «ያን ጊዜ እኔም ጀምሮኝ ነበር። ሳሌን እጀታዬ ውስጥ ነበር የምቀብረው። እርስዎ ሲያስሉ ጉሮሮዬ ተነሣ። ሁለት የሚያስል ሰው ጎን ለጎን ከተቀመጠ ሰው ያስተውላል ብዬ ፈራሁ። ሁሉም ወደ እርስዎ እንዲያይ አደረግኩና እኔ ተደበቅኩ።»

«ተማርኩ ትል የለም እንዴ?»

«ብዙ ተምሬያለሁ። ይህን አልተማርኩም ነበር።»

ይቅር አልኩት ብዬ አልዋሽም። ያ ጠጠር በአንድ ቀን አይወጣም። ግን ስንመለስ ሁለታችንም ልንወድቅ ደርሰን ነበርና እኔ ወደ ወንበሩ ቀድሜ ደረስኩ፤ ለእሱም አንድ ሳብኩለት። እትዬ ሮማንወርቅ አይተው፣ «ተጣልታችሁ ጨረሳችሁ ወይስ እረፍት ላይ ናችሁ?» አሉ።

«እረፍት ላይ ነን» አልኩ። ሰዎቹ ሳቁ፤ ከዚያ እንደ ልማዳቸው ሁሉም ሳሉ። ማንም ሳህኑን አላነሣም።

ያን ቀን የሆነውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። እትዬ ሮማንወርቅ መድኃኒቴን እንዴት እንደምስብ ያሳዩን አሉኝ። እኔ እንደ ልማዴ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ ጃኬቴ ውስጥ ደብቄ፣ ቶሎ ጫን አድርጌ ዋጥኩት።

«እስቲ ይድገሙት፤ አሁን ደግሞ ወደኛ ዞረው» አሉ።

ዞሬ ደገምኩት። እየሩስ ወደ ሮማንወርቅ አየች። «ጋሼ፣ ይህን ያህል ዘመን መድኃኒቱ ምላስዎ ላይ ነው የቀረው» አለችኝ። «መጀመሪያ አየሩን በሙሉ ያስወጡ። ሲጫኑት አብረው ቀስ ብለው ይሳቡ። ከዚያ ይያዙት። ሲጨርሱ አፍዎን ይጉመጥመጡ።»

«ሐኪሙም እንዲሁ ብሎኝ ነበር መሰለኝ» አልኩ።

«ብለውዎታል። ግን ተደብቀው ሲወስዱት ማን ያያል?»

እውነቷን ነው። ሰው እንዳያየኝ ብዬ የምውጠው መድኃኒት ሳንባዬ ደርሶ አያውቅም ነበር። ለነገሩ የሚያሳፍረው ይህ ነው፤ በሽታው አይደለም።

ከዚያ ስለ ሠርጉ ነገርኳቸው። ዕቅድም ነበረኝ። «እናንተ በቅያሱ ዳር ተራርቃችሁ ቁሙልኝ። እናንተ ጋ ስደርስ ሰላም ለማለት ቆምኩ ብዬ አርፋለሁ፤ ማንም አያውቅብኝም» አልኩ። ጥሩ ብልሃት መስሎኝ ነበር።

እየሩስ ራስዋን ነቀነቀች። «ይሄ እኮ ሌላ ፍሪጅ ቤት ነው ጋሼ።»

«ታዲያ በሙሽራ ፊት መሐል መንገድ ላይ ላለክልክ?»

«ይረፉ ነው የምንለው። ሊያልቅብዎ ሲል አይደለም፤ ሳያልቅ። ትንፋሽዎ እያለ ከቆሙ አያለከልኩም። የሚያስለከልከው መደበቁ ነው። እስከ ሱቁ ልድረስ፣ እስከ ምሰሶው ልድረስ እያልን ነው የምንወድቀው።»

ይድነቃቸውም፣ «እኔ ከኋላዎ እሄዳለሁ። ሲቆሙ እቆማለሁ። ሰው የሚያየው ከፈለገ ይህን ማሽን ይይ፤ ከእርስዎ ሳል ይልቅ ይጮኻል» አለ።

ሲያስበው የኖረ ይመስላል። አልከለከልኩትም።

ለኑሀሚንም ቤት ስገባ ነገርኳት። «መሐል መንገድ ላይ ልቆም እችላለሁ» አልኳት። «እኔም በዚያ ቀሚስ መሮጥ አልችልም» አለችኝ።

የሠርጉ ዕለት አቧራው ጋብ ብሎ ሰማዩ ወተት መስሎ ዋለ። በድንጋዩ ደረጃ ወረድን። ከታች ቅያሱ ቀዝቃዛ ነው፤ በግንቦቹ መካከል ያለው ብርሃን ከላይ በውሃ ውስጥ እንደሚወርድ ነው የሚወርደው። ነጭ የለበሱ ሰዎች ከፊታችን ይሄዳሉ። መዘምራኑ ከበሮ ይዘው ይዘምራሉ። ኑሀሚን ክንዴን ይዛለች። ልክ ሕልሜን መሰለኝ፤ ልዩነቱ እዚህ መተንፈስ ያስፈልጋል።

ትንፋሼ ሳያልቅ፣ ገና እያለኝ፣ ቆምኩ።

እንዲህ ቆሜ አላውቅም። አጠገቤ የማየው ዕቃ የለም። ግድግዳው ባዶ ነው። ከኋላችን የሚመጡት ተደናቀፉ፤ አንዲት ሴት «ምን ሆኑ?» ስትል ሰማሁ። ፊቴ ጋለ። ያ መስኮት፣ ያ ሳህን፣ ያ ሁሉ ዓይን መጣብኝ። እግሬ ይሂድ ይሂድ አለኝ።

ኑሀሚን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «አጎቴ ያርፋል» አለች። «ሳንባውን ያመዋል። እንጠብቃለን።»

ከኋላዬ የማሽኑ ጉርምርምታ ቆመ። ይድነቃቸው በከረባቱ፣ በቱቦው፣ በሰው ሁሉ ፊት ጎንበስ ብሎ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈና በከንፈሩ ቀስ ብሎ አስወጣ። ከእሱ ኋላ እትዬ ሮማንወርቅ። ከእሳቸው ኋላ እየሩስ። እኔም አስወጣሁ። የማኅበሩ ሰዎች ያዩናል። የፈራሁት ቀን ይኸው ነው፤ መጣ፤ ከፊታችን ቆሞ ጠበቀን እንጂ ምንም አላደረገንም።

ከበሮ መቺው ዞሮ አየንና መዝሙሩን አላቋረጠም። ምቱን ብቻ አዘገየው። መዘምራኑም አብረው አዘገዩ፤ ቃሎቹ ተራርቀው፣ በየመካከላቸው ለአንድ ሰው ትንፋሽ የሚበቃ ቦታ ተተወ። በዚያ ምት እንደገና ተራመድን። ደግሞ ቆምን፤ ደግሞ ተራመድን። ካይሮ ከላይ ጥሩምባዋን ትነፋለች፤ እኛ ከታች በዝግታ እንሄዳለን። ደጃፉ ላይ ለሙሽራው እጇን ስሰጠው ለመናገር የሚበቃ ትንፋሽ ተርፎኝ ነበር። «ስትሄድ ጠብቃት» አልኩት። «እሷ መጠበቅ ታውቃለች።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ቀሎልኛል፤ ድኛለሁ ግን አላልኩም። የሚድን በሽታ አይደለም፤ ሐኪሜም ዘንድ እመላለሳለሁ። ሆኖም መድኃኒቴ ሳንባዬ ይደርሳል። ደረጃ ስወጣ እያስወጣሁ እወጣለሁ። ኸማሲን ሲነፍስ መስኮት ዘግቼ፣ ጨርቅ አርጥቤ ቤቴ እቀመጣለሁ፤ ያን ቀን ከመካከላችን አንዱ ደውሎ ድምፄን ይሰማል፤ የተጨነቅኩ እንደሆነ ሳልናገር ያውቀዋል። አዲስ የመጡ ልጆች ክሎርና አሲድ እንዳይቀላቅሉ እየሩስ ቤት ለቤት ትነግራለች። ወደ ማኅበሩም ተመልሼአለሁ። ይድነቃቸው ጎኔ ይቀመጣል፤ አሁንም ከረባቱ ያናድደኛል፤ ሳል ሲይዘኝ ግን ውሃውን ወደኔ የሚገፋው እሱ ነው።

ሳሉን በእጀታው የሚቀብር፣ በሱቅ መስታወት ፊት ገዢ መስሎ የሚቆም የአገሬ ሰው ይህን ካነበበ አንድ ምክር አለኝ፤ ከሰባተኛ ክፍል ተማሪ ቢሆንም ይቀበለኝ። እንደ አንተ የሚተነፍስ ሰው ፈልግ። ሐኪም መድኃኒቱን ይሰጥሃል፤ እንዴት እንደምትስበው አይቶ የሚያርምህ፣ ደረጃው ላይ የሚጠብቅህ፣ ሌሊት ስለምትፈራው የሚጠይቅህ ግን ያ ሰው ነው። ምናልባት የተጣላኸው ሰው ይሆናል። ቢሆንም ሂድ።

በመጨረሻ የፍሪጁን ባለ ሱቅ ነገር ልጨርስ። አንድ ቀን እንደ ልማዱ «ያ ሐግ፣ ዛሬስ?» ሲለኝ፣ «ወንድሜ፣ ማሌሽ፣ ይቅር በለኝ፣ ፍሪጅ አልገዛም። ሳንባዬን ያመኛል፤ እዚህ የምቆመው ትንፋሼን ልሰበስብ ነው» አልኩት። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ወደ ውስጥ ገባና የፕላስቲክ ወንበር ይዞ ወጥቶ ከመስታወቱ ፊት፣ ጥላው ላይ አደረገው። «ይህን ሁሉ ጊዜ እንዲሁ ቆመው?» አለኝ። «እናቴም እንደ እርስዎ ነበረች።»

ወንበሩ አሁንም እዚያው ነው። ትናንት ሳልፍ አንዲት የማላውቃት ሴት ተቀምጣበት፣ በከንፈርዋ ቀስ እያለች ታስወጣ ነበር። እስክትጨርስ ከጎኗ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ከዚያ እሷ ተነሣችልኝ፣ እኔ ተቀመጥኩ።